ቆሞ ያረጀው አስተናጋጅ

አይፈስም ቅጽል ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ እሱን ግን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። አይፈስም ያሉት የመጠጥ ቤቱ ደንበኞች ናቸው። ጢም ብለው የተሞሉ ብርጭቆዎች የተደረደሩበትን ትሪ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በወንበርና በወንበር መሀል እየተሽሎከለከለ፣ እጁን እያወናጨፈ የሚያወራውን ጎንበስ ብሎ፣ ድንገት የሚነሳውን ዞር ብሎ አልፎ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ አንዲት ጠብታ ጠብ አትልም። «አይፈስም» ይላል አንዱ ከወዲህ። «አይፈስም እኮ ነው» ይላል ሌላው ከወዲያ። በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ።

ያ ቤት ዛሬ የለም። የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ ሮዙ፣ ወርቅማው፣ የጥንቸል ጆሮ የተቀጠለለት ሳይቀር ተሰቅሎበታል። እንዲያው ለስልክ ጆሮ መቀጠል ምን የሚሉት ጣጣ ነው? ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረግ። ድሮ እዚያው ቦታ ላይ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ ነበር፤ በስንት ሰው ክርን ታሽቶ ጠርዙ እንደ ሳሙና የለሰለሰ። ከባንኮኒው ጀርባ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ ካልመቱት የማይሠራ ሬዲዮ። የትኛውን ጎኑን እንደሚመቱት የሚያውቀው አይፈስም ብቻ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ አንካሳ ስለሆነ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ይደረግለታል፤ ሰው ሁሉ ግን እሱ ላይ ካልተቀመጥኩ ብሎ ይጋፋል፤ መስኮቱ አጠገብ ነዋ። ዝናብ ሲጥል መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ይደበዝዝና ውጭ ያለው መንገድ ሁሉ ይጠፋል። የዚያን ሰዓት ሙቀት፣ የዚያን ሰዓት ጫጫታ አይፈስም አሁን ሲያስበው እንኳ አንጀቱን ይበላዋል።

ባለቤቲቱን ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል። ደርባባ፣ ነገር የማያበዙ ሴትዮ ነበሩ። ለአስተናጋጅ ያላቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ደንበኛ ባለበት መቀመጥ የለም። «ደከመኝ እማማ» ሲላቸው «እግር ቀይር» ይሉታል። እሱም እግር እየቀያየረ አረጀ። ቤቱ ገብቶ እንኳ ሚስቱ «አንተ ሰው ነህ ፈረስ?» ካላለችው በቀር እራቱን ቆሞ ነው የሚጨርሰው።

የመጠጡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ደንበኛ ሞቅ ሲለው ደግ ይሆናል፤ «ለራስህም አንድ ቅዳ» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ አብሮ መቀመጥ ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ አይፈስም ከባንኮኒው ጀርባ ይገባና ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ያደርጋታል። ከዚያ ትሪውን አንስቶ ይወጣል። እዚያ ቤት ማንም ሰክሮ አላየውም፤ እሱም ራሱን ከጠጪ ቆጥሮ አያውቅም። በሱ ቤት ጠጪ ማለት ተቀምጦ የሚጠጣ፣ ሲነሳ የሚንገዳገድ ነው። እሱ መቼ ተቀምጦ ያውቅና?

እማማ ሞቱ፤ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት። ትሪው ከእጁ ከወረደ በኋላ ነው እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ያ ስንቱን ብርጭቆ ተሸክሞ የማይነቃነቅ እጅ፣ ጠዋት ጠዋት የገዛ ሻዩን መያዝ አቃተው። አንዲት ሲቀምስ ግን ቀጥ ይላል፤ ያው የድሮው አይፈስም ይሆናል። ስለዚህ ይቀምሳል። «መቅመስ» ነው የሚለው እሱ፤ የሱን ቅምሻ ሌላ ሰው ቢጠጣው በቃሬዛ ነው የሚሄደው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ላይ ስታፈጥ ኖራ የአንድ ዓይኗን ብሌን ሞራ ጋረደውና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። «ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ፣ አታስቢ» ብሏት ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ ሆኖ ወጣ። መንገዱ ግን በዚያ በስልክ ሽፋን ሱቅ በኩል ወሰደው። ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ ባንኮኒው የነበረበት ቦታ ላይ የጥንቸል ጆሮ ተደርድሯል። ሆዱ ባባ። ፊት ለፊት ወዳለች ትንሽ መጠጥ ቤት «አንዲት ብቻ» ብሎ ገባ። የአንዲት ብቻን ነገር መቼም የሚያውቅ ያውቀዋል።

እሷ የሆስፒታሉ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗ ታሽጎ፣ በደከመው በሌላው እያጨነቆረች፣ የወንድ እግር ኮቴ በሰማች ቁጥር «አንተ ነህ?» ስትል ዋለች። አመሻሽ ላይ ጥበቃው አንጀቱ አልችል ብሎት ታክሲ ጠራላት። ለሹፌሩ የነገረችው የቤቷን ሳይሆን የልጇን አድራሻ ነበር።

በማግስቱ አይፈስም አንገቱን ደፍቶ ልጁ ቤት ሄደ። ሚስቱ በሩ ላይ ወጥታ «አልተቆጣሁም» አለችው። ያስደነገጠው ይኸው ነው። ቁጣዋንማ ለምዶታል፤ አንገቱን ሰብሮ ያሳልፈዋል፣ ጠዋት ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። እንዲህ ረጋ ብላ ስታወራ ግን ሰምቷት አያውቅም።

«መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ» አለችው፤ «የሆስፒታሉ ነርስ ናት የነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ክፍል። ሂድና ከነሱ ጋር ተቀመጥ። የሆንከውን በገዛ አፍህ ተናገር። ያን ካደረግክ ቤቴ እገባለሁ። ካላደረግክ የስፌት ማሽኔን ሰው ልኬ አስወስዳለሁ።»

ማሽኗ ከቤት ወጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሱ ነጋሪ አያሻውም። የተጋቡ ሰሞን መጀመሪያ የገባው ዕቃ እሱ ነበር፤ ከአልጋው በፊት። እሱ ከወጣ እሷም ለዘለቄታው ወጣች ማለት ነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ሄደ። መንገዱን ግን ምን ብሎ ይጠይቅ? «መጠጥ የሚተዉት ሰዎች የት ናቸው?» ይባላል? ጋዜጣ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በየት በኩል ነው?» አላት። ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «አባባ፣ አሁን ነው ማንበብ ያማረዎት?» ብላ በጣቷ ጠቆመችው። እዚያ ደርሶም ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ ጋ ሰው ቆሞ ስላየ እንዳልመጣ ሆኖ አለፈ። ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ መዘዘና ሰውዬው እስኪሄድ ድረስ ያነበበ መሰለ። ስለ ንብ እርባታ ነበር። ስለ ንግሥቲቱ ንብ ጥቂት ነገር ካወቀ በኋላ ቀስ ብሎ ወረደ።

ክፍሉ ዝቅ ያለ ጣሪያ አለው። ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ የሻይ ጠረጴዛ አለ። ገና ማንም አልመጣም፤ ሰብሳቢዋ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ሁሉም «ሲስተር» ይሏቸዋል። የሻዩ ፔርሙስ ክዳን እምቢ ብሏቸው ይታገላሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «እንደምን ዋሉ» ብሎ፣ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። አይፈስም ግን ሰው ከክዳን ጋር ሲታገል አይቶ መቀመጥ አልፈጠረበትም። «ይፍቀዱልኝ» ብሎ ተቀበላቸው፣ በመዳፉ አንዴ መታ አድርጎ ከፈተው፣ ብርጭቆዎቹን ለቅለቅ አድርጎ ትሪው ላይ ደረደረ። ሰዎች መግባት ጀመሩ። ለገባው ሁሉ «ስኳር ስንት ላድርግ?» እያለ ቀዳ። እጁ ንቅንቅ አላለም፤ ጠዋት ቀምሶ ነበር። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ከጨረሱ መሄድ ይችላሉ፤ በጣም እናመሰግናለን» አሉት ሲስተር። ቤተ መጻሕፍቱ የላከላቸው ሰው መስሏቸዋል።

«እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው» ማለት ነበረበት። እውነትም አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየው ላብ አጠመቀውና «ግድ የለም፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ» አለ።

በዚያው ቀረ። ሲስተር የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው ይላሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግሞ ሲስተር ያመጡት ነው ይላል። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አይፈስም ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ይቀዳል፣ ይቆማል፣ ይሰማል። አንዷ ጠርሙሱን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እንዴት ትደብቅ እንደነበር ትናገራለች፤ አንዱ የእናቱን ቀብር በስካር እንዳመለጠው ይናገራል። እሱ ብርጭቆ ይሰበስባል።

ሚስቱ ትደውላለች። «ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«ምን አሉ?» የሰማውን ሁሉ ይነግራታል፤ በዚህ በዚህ አልዋሸም።

«አንተስ ተናገርክ?»

«ገና እየሰማሁ ነው።»

«ተቀመጥክ ግን?»

«ቦታ ይዣለሁ» አላት።

ከዚያ ዳኛው መጣ። ዳኛው ሲባል የፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። በደጉ ጊዜ ከጨዋታ በኋላ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጠጥ ቤቱ ይገባና ሲጠማው ያፏጫል፤ አንዴ ካፏጨ ቢራ፣ ደጋግሞ ካፏጨ ለሁሉም ሰው ማለት ነው። አሁን ፀጉሩ ሸብቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት በሩ ላይ ድርቅ አለ።

«አይፈስም» አለ፤ «እዚህም አንተ ነህ የምትቀዳው?»

«እዚህም እኔ ነኝ።»

«እንኳንም ሆንክ» ብሎ አቀፈው።

ያን ቀን ዳኛው ተራው ሲደርስ እንዲህ አለ፦ «ከዕድሜዬ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ መጠጥ ቤት ውስጥ ያሳለፍኩት ነው። የሚያናድደኝ ግን አላስታውሰውም። ደስ ብሎኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤት ሰርግ ሲደገስ ከግድግዳ ወዲህ ሆኖ እንደመስማት ነው።»

ሰዉ ሲወጣ ዳኛው፣ አይፈስም ብርጭቆ ወደሚያጥብበት መጣ። «አንተ ሁልጊዜ ቆመህ ነበርክ፤ ሰክረህ አታውቅም» አለው። «እስቲ ንገረኝ። ምን ምን ነበር?»

እንዲህ ብሎ የለመነ ሰው ፊት እንዴት ዝም ይባላል? አይፈስም ነገረው። መብራት የጠፋ ማታ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ለሬዲዮኑ ቀይ ካርድ እንደሰጠው። ሊደባደቡ የመጡ የሁለት ቡድን ደጋፊዎች በሱ ዳኝነት ተቃቅፈው ሲዘፍኑ እንዳመሹ። ስቀው የማያውቁት እማማ አንድ ቀን በሱ ቀልድ ጥርሳቸው እስኪታይ ፍርፍር ብለው እንደሳቁ። ዳኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ። «እንዲህ ሆኜ ነበር? በእውነት እንዲህ ሆኜ ነበር?» ይላል። በየቅዳሜው አዲስ ወሬ አለ፣ በየቅዳሜው ሳቅ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቁ ያን ቤት እንደገና ይከፍቱታል፤ ባንኮኒውን፣ መስኮቱን፣ አንካሳውን ጠረጴዛ።

ለዳኛው ደግ ነገር ነበር። አይፈስምን ግን ናፍቆቱ ገደለው። ወሬው ሆዱን አሙቆት ይወጣና መንገድ ላይ ያቺ «አንዲት ብቻ» ትጠብቀዋለች። አንድ ቀንማ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «ይኼን ያዙ አባባ» ብሎ ጉርሻ ኪሱ ሸጎጠለት፤ በዚያችው ጠጣባት። መጠጥ ለመተው ከሚታገሉ ሰዎች በተቀበለው ጉርሻ። ዓይንን በጨው ማጠብ ይሉሃል ይኼ ነው።

ምላሱ ደግሞ አያርፍም። አንድ ቀን በስልክ ስብሰባውን ሲያወድስላት «የወሩ መጨረሻ ቅዳሜማ ቤተሰብ ሁሉ ነው የሚመጣው» ብሏት አረፈ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ክው አለ። እሷ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች፤ እሱም ልብ ያላለችው መሰለው።

የተባለው ቅዳሜ ክፍሉ ጢም አለ። ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ እህት፤ ወንበር ከላይ ሁሉ ተጨመረ። አይፈስም ደስ ብሎት ሲራወጥ፣ ሰው ሲበዛ የድሮ ጉልበቱ ይመለስለታልና፣ ዓይኑን ትሪው ላይ ተክሎ በየተራ እየዞረ፣ «ስኳር ስንት ላድርግ?» አለ።

«የማታውቀው ሆነህ ነው?» አለችው።

ቀና ሲል ሚስቱ ናት። ፋሻው ተነስቶላታል፤ በሁለቱም ዓይኗ ታየዋለች። ትሪውን፣ ፎጣውን፣ ከፎጣው በታች ያለውን ሰውዬ።

ሲስተር ፈገግ ብለው መጡ። «እንኳን ደህና መጡ። የማን ቤተሰብ ነዎት?»

«የሱ» አለች።

«የሻይ ቀጂያችን ባለቤት ነዎት? ምነው ቀድመን ባወቅን! ባለቤትዎ ወርቅ ሰው ናቸው፤ አንድ ቅዳሜ ቀርተውብን አያውቁም። እኛ ስንጨቃጨቅ፣ ስናለቅስ፣ እሳቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ያስተናግዱናል።»

«አንድ ቃል ሳይተነፍስ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

ሻዩን ከእጁ ተቀበለችና አንገቷን ደፍታ ማማሰል ጀመረች፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ታማስላለች። አይፈስም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አሁን ሻይዋን ጠጥታ፣ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ ወጥታ እንደምትሄድ አውቋል። ሰኞ አንድ ጎረምሳ ጋሪ ይዞ ለማሽኑ ይመጣል፤ እሱም ያንን ማሽን በገዛ እጁ ደግፎ ጋሪው ላይ ይጭናል፣ ምክንያቱም ሰው ሲሸከም አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

«እኔ እዚህ ሠራተኛ አይደለሁም» አለ።

ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኾ ወጣ።

«ማንም አልቀጠረኝም። እንደ እናንተው ነው የመጣሁት። የመጀመሪያ ቀን ክዳን ከፈትኩና በዚያው ቀረሁ። ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬም ጠዋት ጠጥቻለሁ፤ ባልጠጣ ይህን ትሪ አልይዝም ነበር። ከዚህ እንደወጣሁም እጠጣለሁ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ይህቺ ሚስቴ ናት። ዓይኗን ተቀድዳ ስትጠብቀኝ መጠጥ ቤት ነበርኩ። ረስቻት እንዳይመስላችሁ። አስታውሻት ነው የጠጣሁት፤ እየጠጣሁም እየመሸ እንደሆነ አይ ነበር።»

ቀጥሎ ወደ ዳኛው ዞረ።

«አንተንም ዋሸሁህ።»

«ምኑን?» አለ ዳኛው።

«የነገርኩህን። ቀይ ካርዱን፣ ዘፈኑን። ፈጥሬው ነው። እኔም እኮ አላስታውስም። ለራስህም ቅዳ ስትሉኝ ስቀዳ ነው የኖርኩት። ቆሜ ነበር እንጂ አልነበርኩም።»

ዳኛው ፊቱ ዓመድ መሰለ። «የእማማስ ሳቅ?»

«መሳቃቸውን እንጃ።»

ከዳኛው አጠገብ ያለች ሴት እጇን ትከሻው ላይ አደረገችለት። «ታዲያ ማን ያስታውሳል?» አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ። «ያ ሁሉ ዘመን እንዲሁ ባዶውን ቀረ?»

«እኔ አስታውሳለሁ» አለች ሚስቱ።

ሁሉም ዞሮ አያት። እሷ ግን የምታየው ባሏን ነበር።

«ሳልተኛ ነበር የምጠብቀው። ምን እየዘፈነ እንደመጣ፣ በምን ተከፍቶ እንደገባ፣ ስለማን እንደነገረኝ አልረሳሁም። ሬዲዮኑን ሲመታ እጁ ያበጠ ጊዜ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እርስዎንም አውቅዎታለሁ» አለች ወደ ዳኛው፤ «በሩ ድረስ ደግፈው ያመጡት ቀን ነበር። ሁለታችሁም ታለቅሱ ነበር፤ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። የሚያስቅም አለው፣ አንዳንዱ እስካሁን ብቻዬን ያስቀኛል። የማያስቀው ግን ይበዛል።»

አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ሲስተር ትሪውን ከእጁ ተቀበሉት። አይፈስም ባዶ እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጨንቆት፣ ሰው መሀል አልፎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሰዉ ሁሉ እያየ ተንቀጠቀጠ።

«ከየቱ ልጀምር?» አለችው።

«ከማያስቀው» አላት።